ካምቢዮው ከወረደ አይቀር

የጋሼ ደምሴን መርዶ ለሸዋ ሮቢት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለጎሚስታው ለሰይድ ደወልኩና "ሰይድ፣ ድንኳን ይተከል" አልኩት። ሰይድ "ኢና ሊላሂ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። አስከሬኑን ይዤ ጣርማ በርን ቁልቁል ወርጄ ሮቢት ስገባ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሾፌሮቹም መኪናቸውን ከመንገዱ ዳር አሰልፈው እየጠበቁ ነበር።

ያን ቀን ያልመረቀኝ ሰው አልነበረም። "አንቺ ምን ታደርጊ፤ በመኪናሽ አደረስሻቸው፣ በመኪናሽ መለስሻቸው። ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ "አሜን" እላለሁ። ስድብ ለምጃለሁ፤ ነጋዴ ነኝ። ምርቃት ግን እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

እኔ ሽንኩርት ነው የምነግደው። ከቀወት ገበሬዎች ማሳ ላይ አነሳና በአሮጌ ፒክአፔ ደብረ ብርሃን አወጣለሁ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁለት ሰው ሳይዝ አይኖርም፤ የንስሐ አባትና መካኒክ። የንስሐ አባቴን በዓመት አንዴ ባገኛቸው ነው። ጋሼ ደምሴን ግን ሳላይ የማልፍበት ሳምንት አልነበረም።

ጋራዣቸው በደሴው መንገድ ዳር፣ በሁለት ኒም ዛፎች ጥላ ሥር ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። የሮቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሌላው መካኒክ ሥራውን ጥሎ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ከመኪና ሥር ተጋድመው "ከዚህ የሚበልጥ ጥላ የት አለ?" ይላሉ። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ አልዋሽም። "ከዚህ እስከ ማጀቴ እኔ ያልፈታሁት ሞተር ካለ አምጡልኝ!" እያሉ መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማ የሚፎክሩ ነበሩ። ሲሳሳቱም አያምኑም። አንድ ጊዜ ሞተሬን ነካክተው ለቀቁኝና ጀውሃ ስደርስ ከኮፈኑ ሥር ኳ ኳ የሚል ነገር ሰማሁ። ከፍቼ ባይ የሳቸው ቁልፍ ነው፤ ባትሪው ጥግ ተሸጉጧል። ተመልሼ፣ ንድድ እንዳለኝ፣ እጃቸው ላይ ሳስቀምጠው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩትና "እሰይ! ይሄን ስፈልግ ነው የዋልኩት። አንቺ እኮ አደራ አትበዪም" አሉኝ። ልጣላ ሄጄ እየሳቅኩ ተመለስኩ።

ሞተር የሚመረምሩት በጆሮ ነበር። የረጅም ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ይደግፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያኔ ከአጠገባቸው የሚያወራ ሰው ካለ ሌባ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው "ዝም በሉ፣ በሽተኛው እየተናገረ ነው" ይላሉ። ባለ መኪናው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። እኔም ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ከንግግራቸው ሁሉ አገር ያወቀው ግን "ካምቢዮው ከወረደ አይቀር" የምትለዋ ነበረች። የፍሪሲዮን ሸራ ለመቀየር ካምቢዮው፣ ያ ማርሹን በሆዱ የያዘው ከባድ ብረት፣ ከመኪናው ሥር ተፈትቶ መውረድ አለበት። ሸራው ራሱ ትንሽ ነገር ነው። ልፋቱ ካምቢዮውን ማውረድና መልሶ መስቀል ነው፤ የእጅ የሚከፈለውም ለዚያ ነው። ስለዚህ ጋሼ ደምሴ ካምቢዮ ያወረዱ ቀን ባለ መኪናውን ጠርተው፣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስነኩ ያሳዩታል። "ይቺ ኩሽኔታ ዛሬ ደህና ናት። ከርሞ ስትጮህ ግን ለሷ ብቻ ተብሎ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል፤ የእጅ ሁለቴ ትከፍላለህ። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር አብረህ ቀይራት።" ሌሎቹ መካኒኮች "ገበያችንን ዘጉት" እያሉ ያሟቸዋል። እሳቸው ግን "ውሃ ሊቀዳ ወንዝ የወረደ ሰው አንድ ጣሳ ይዞ ይመለሳል እንዴ?" ብለው ይስቁባቸዋል።

ካምቢዮ የሚሰቀልበት ቀን በዚያ ሰፈር እንደ ደቦ ቀን ነበር። ማንሻ የሚባል ነገር ስላልነበራቸው መንገዱ ዳር ወጥተው "የወንድ ያለህ! ካምቢዮ ሊሰቀል ነው!" ብለው ይጣራሉ። ሻይ ቤት የተቀመጠው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ሰይድ የያዘውን ጎማ ጥሎ፣ አላፊ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ተሸክመው ቦታው ካደረሱለት በኋላ ባለ መኪናው ለሁሉም ሻይና ሳምቡሳ ይጋብዛል። ሸክሙን የተሸከመ ሻዩን ሳይጠጣ ከሄደ ካምቢዮው ይጮሃል ይባል ስለነበር ማንም ግብዣውን አያልፍም።

ጋሼ ደምሴ ራሳቸው መሸከም ከተከለከሉ ቆይተዋል። ብሽሽታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ነበር፤ ሐኪሙ "አንጀት ነው የወረደው፤ ሳይታነቅ በፊት ተቀዶ መሰፋት አለበት" ብሏቸዋል። እሳቸው ምን አደረጉ? ከሰይድ ዘንድ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ለምነው በወርዱ ቆረጡና ከቱታቸው ሥር ጥብቅ አድርገው ታጠቁት። "ስተኛ ይገባል፣ ስቆም ይወጣል። የራሱ ማርሽ አለው" ይሉና መታጠቂያውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። ያልሳቁት ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ብቻ ነበሩ። ምሳ ይዘው በመጡ ቁጥር "የሰው መኪና ሲሆን ሳይቃጠል በቅጠል ትላለህ። ያንተ ሆድ ግን እስኪበጠስ ይጠበቅ?" ይሏቸዋል። እሳቸውም ጎርሰው፣ "ሰው እንደ መኪና መለዋወጫ የለውም፤ አይነካካም" ብለው ይመልሳሉ።

በስንት ጭቅጭቅ እሺ አሰኟቸው። ቀጠሮ ተያዘ፤ ሰኞ ደብረ ብርሃን ሊገቡ። እኔ ፒክአፔን እየጎተትኩ ጋራዣቸው የደረስኩት ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ ነው።

ሽንኩርት የደረሰበት ሰሞን ነበር። ሙሉ ጭኜ ወደ ደብረ ሲና ስወጣ ዳገቱ ላይ መኪናው ያጓራል እንጂ አይሄድም፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ጋሼ ገና ከሩቅ አሽትተው "ሸራው አልቋል" አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ሰው ተጠርቶ ካምቢዮው ወረደ። እንደ ልማዳቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝና እያስነኩ አሳዩኝ። ኩሽኔታዋን በጣቴ ሳዞራት በቀጭኑ ትንጫጫለች። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት የሚያግደው ጎማ ዙሪያውን አልቦታል። "አላፈሰሰም፤ ግን እያሰበበት ነው። ይሄን ክረምት ያወጣሽ ይሆናል። ከዚያ በላይ አልፈርምልሽም" አሉኝ።

ሸራው ሮቢት ውስጥ አለ። ኩሽኔታውና የዘይት ጎማው ግን የሉም፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መምጣት አለባቸው። ነገሩ ይሄው ነበር። ሸራውን ብቻ ካስቀየርኩ ካምቢዮው ቅዳሜ ይሰቀላል፤ እኔ ወደ ሽንኩርቴ፣ እሳቸው ሰኞ ወደ ሐኪማቸው። ሁሉንም አንድ ላይ ካልኩ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከተሰፉ ወራት ሙሉ ቁልፍ አይነኩም። የዘይቱ ጎማ ያኔ ቢያፈስ ካምቢዮዬን የሚያወርደው ሌላ መካኒክ ነው፤ የእጅም እንደገና ልከፍል ነው።

በዚህ መሐል እትዬ ወርቄ ምሳ ይዘው መጡ። ወደ ጥግ ጠሩኝና "ብርቄ፣ ሰኞ ቀጠሮ አለው። እሱን ታውቂዋለሽ፣ ሰበብ ካገኘ አይሄድም። መኪናሽን ቶሎ አስጨርሺና ልቀቂልኝ" አሉኝ።

"እሺ እትዬ፣ ቅዳሜ እለቃቸዋለሁ" አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

እትዬ ወርቄ ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "እህስ? ምን ይሻላል? ምርጫው ያንቺ ነው" አሉኝ። ካምቢዮው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። እሱን ሳይ የታየኝ ዳገቱ ነው፣ ክረምቱ ነው፣ የሌላ መካኒክ እጅ ነው። እትዬ ወርቄ አልታዩኝም። ገና ከበሩ ሳይርቁ ረሳኋቸው። "ጋሼ" አልኩ፤ "ካምቢዮው ከወረደ አይቀር..."

አላስጨረሱኝም። ያ የላስቲክ መታጠቂያ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እሰይ የኔ ተማሪ! ሰይድ፣ ሰማህ? ብርቄ ተመረቀች!" አሉ። ከዚያ እንደ ቀልድ "ቀጠሮ ይገፋል፤ ካምቢዮ ግን ሁለቴ አይወርድም" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ሳቅኩ። በራሳቸው ቃል ስለረታኋቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ መጀመሪያ ያመጣው የዘይት ጎማ ልኩ አልሆነም። ተመልሶ ሌላ እስኪመጣ ሰኞ አለፈ። የሐኪም ቤቱ ተራ ሞልቶ ስለነበር የጋሼ ቀጠሮ ወደ ሌላ ወር ተገፋ። እትዬ ወርቄ ምሳ ሲያመጡ ጋሼን አልተቆጡም፤ እኔንም አልተቆጡኝም። እኔን ሰላም ማለት ብቻ አቆሙ።

ዕቃው ተሟልቶ ካምቢዮው ሊሰቀል የተዘጋጀ ቀን ከተማው ቀብር ነበረው። ጋሼ መንገድ ዳር ወጥተው "የወንድ ያለህ!" ቢሉ ሻይ ቤቱ ባዶ፣ መንገዱ ባዶ። የተገኘው ሰይድና የሻይ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። ሰው ከቀብር እስኪመለስ መጠበቅ ነበር። እኔ ግን ቀወት ማሳ ላይ የተነቀለ ሽንኩርት ፀሐይ ላይ ተከምሮብኛል። ቀና ብዬ ፀሐይዋን ብቻ አየሁ። ጋሼ ፀሐይዋን ሳይ አዩኝ።

"ገባኝ፣ ሽንኩርትሽ ነው" ብለው መኪናው ሥር ገቡ።

"ወላሂ ጋሽ ደምሴ፣ አይሆንም! ሐኪም ከልክሎዎት የለም ወይ? ሰው እስኪመለስ እንታገስ!" አለ ሰይድ።

"ዝም ብለህ ያዝ! ቀኝ! ቀስ! አስገባው!"

ገባ። ከመኪናው ሥር ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጎማ ላይ ቁጭ አሉና መታጠቂያቸውን አላሉ። "ምነው ጋሼ?" ብላቸው "እርጅና ነው" አሉኝ። ሻይና ሳምቡሳ አዝዤ ሁላችንም በላን፤ እሳቸው ሻያቸውን ከግማሽ በላይ አልጠጡም። የእጅ እንዳሉትም የተቀበሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሽንኩርቴን በሰዓቱ አደረስኩ።

በዚያው ሳምንት፣ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ሰይድ እየሮጠ መጣና "ብርቄ፣ መኪናሽን አስነሺ!" አለኝ። ጋሼ ደምሴ አልጋቸው ላይ ተጣጥፈው ያስመልሳቸዋል፤ ሆዳቸው ደንድኗል። ያ ሲተኙ ይገባ የነበረው እብጠት አልገባ ብሎ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ፒክአፑ ውስጥ በሩ በኩል አስደገፍናቸው። እትዬ ወርቄ መሐል ገብተው አቀፏቸው፤ ሰይድ በሩን ዘግቶልን ቀረ።

መኪናዬ እንደዚያን ቀን ሄዶልኝ አያውቅም። ሸራው አዲስ፣ ኩሽኔታው አዲስ፤ ዳገቱን ሜዳ አደረገው። ከደብረ ሲና በታች፣ የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ ማርሽ ቀነስኩ። ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሌባ ጣታቸውን ቀሰሩ። ዝም በሉ ማለታቸው ነው። እትዬ ወርቄ ሲያለቅሱ የነበሩት ዝም አሉ።

"ሰማሽ?" አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቋል። "ትንሽ እንኳ አያንሸራትትም። የዘይቱን ጎማ አብረን መቀየራችን ደግ ነው።"

እንባዬ መንገዱን ሸፈነብኝ። እትዬ ወርቄ አላዩኝም፤ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ባላቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ሐኪሞቹ ወዲያው አስገቧቸው፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። አንጀታቸው ግን ታንቆ ቆይቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ሰው ሊያጽናናኝ ይሞክራል። ሰይድ "አላህ የጻፈው ነው፤ አንቺ አልገደልሽ" ይለኛል። እኔም ለራሴ ብዙ እነግረዋለሁ፤ ያን ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ የሳቁትም እሳቸው፣ መኪናው ሥር የገቡትም በገዛ እግራቸው ነው። እውነት ነው። ግን ቅዳሜ እለቃቸዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ መሬቱን አያለሁ። አንዲት የዘይት ጠብታ የለም። አንዳንድ ቀን እንዲያፈስ እመኛለሁ። መሬቱ ግን ደረቅ ነው፤ ጋሼ ደምሴ የሠሩት ነገር አያፈስም።

ባለፈው ሰሞን ሙት ዓመታቸው ስለደረሰ እትዬ ወርቄን ላግዝ ቤታቸው ሄድኩ። ከቀብሩ በኋላ ሰላምታቸውን መልሰውልኛል፤ ስለዚያ ሐሙስ ግን አንስተውም አያውቁ። ማሾ እየለቀሙ ነበር። ቀኝ እጃቸውን እንደ ልብ አያነሱትም። "ምነው እትዬ?" ብል "ምንም" አሉ። ስጨቀጭቃቸው "ጡቴ ሥር እንደ ፍሬ ያለች ነገር አብቅላብኛለች። አታመኝም" አሉኝ።

"መቼ ወጣች?"

"እንጃ። ከፋሲካ ወዲህ ትሆናለች።"

"ሐኪም ዘንድ ታዩ?"

"አሁን ለእሷ ብዬ ብቻ ያን ሁሉ ዳገት ልውጣ? ለሙት ዓመቱ ዕቃ ልገዛ ደብረ ብርሃን መሄዴ አይቀርም፤ አንቺም ሽንኩርት ስታወጪ ትጭኚኛለሽ። ያኔ፣ ከወጣሁ አይቀር፣ እግረ መንገዴን እታያለሁ።"

አብሬ ስለቅም የነበረውን ማሾ ሰፌዱ ላይ መለስኩ። እሳቸው ምን እንዳሉ እንኳ ልብ አላሉትም፤ በቤቱ ውስጥ ዕድሜ ልክ ሲባል የኖረ ነገር ነው። ተነሳሁ።

"ነጠላዎን ያንሱ" አልኩ።

"ወዴት?"

"ደብረ ብርሃን። አሁን።"

"አብደሻል? ሽንኩርትሽስ? ዛሬ ልታነሺ አልነበረም?"

ቀወት ደወልኩና ገበሬውን ዛሬ አልመጣም አልኩት። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተከምሯል፤ ተቆጣኝ፤ ቢቆጣ አልፈርድበትም። "እንግዲያው የሙት ዓመቱን ዕቃ አብረን እንግዛ" አሉ እትዬ ወርቄ በሩ ላይ ቆመው። "አንገዛም፤ ለዕቃው ሌላ ቀን እንወጣለን። ዛሬ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የምንሄደው" አልኩ። ፊቴን አይተው ነጠላቸውን አነሱ።

ከሮቢት ወጥተን ዳገቱን ጀመርን። ባዶ ፒክአፕ ድንጋይ በነካ ቁጥር ከኋላ ይንኳኳል፤ ባዶዬን ወጥቼ ስለማላውቅ ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። ያ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። እትዬ ወርቄ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ቀስ ብለው "ያኔም እንዲህ ብትይው ኖሮ" አሉ።

ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። "አዎ" አልኩ። "ቃሌን በላሁ፣ እትዬ።" ሌላ ምን ይባላል?

ደብረ ሲና ስንደርስ ዘወትር ከነጭነቴ ሳልፍ የሚያውቁኝ ቆሎ ሻጮች መኪናውን ከበቡት። አንዷ ወደ ኋላ አየችና "ብርቄ፣ ምነው ዛሬ ባዶሽን?" አለችኝ። እትዬ ወርቄ በዚያ እንደ ልብ በማያነሱት እጃቸው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"ባዶዋን አይደለችም" አሏት። "እኔን ይዛ ነው።"